የእህል ተራ ሰዎች ቁናቸውን ይዘው የመጡ ለት

ከጥምቀት ማግስት ደብረ ማርቆስ የእህቴ ልጅ ዘንድ ሄጄ ነበር። አዲስ የሠራችውን ቤት ክፍል በክፍል እያዞረች ስታሳየኝ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ፣ አንድ አሮጌ ቁና ተሰቅሎ አየሁ። «ከባላገር ነው ያስመጣሁት፤ ለጌጥ አያምርም አክስቴ?» አለችኝ። ለጌጥ! ስንቱን ጎረቤት ያጣላ፣ ስንቱን ሽማግሌ ዛፍ ሥር ያስቀመጠ የእህል መስፈሪያ ዛሬ ከሰርግ ፎቶግራፍ ጎን ተሰቅሎ ጌጥ ሆነ። «እስቲ አውርጅልኝ» አልኳትና ተቀብዬ አፍንጫዬን ውስጡ ከተትኩት። ልጅቷ «ምን ሆኑ አክስቴ፣ አቧራ አለው እኮ!» እያለች ትስቃለች። እኔን የሸተተኝ የደረቀ እበትና የጤፍ ብናኝ ነው። ያን ሽታ ካሸተትኩት ስንት ዘመን ሆነኝ! ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የእህቴ ልጅም ጠፉብኝና ከድሮው የቅዳሜ ገበያ መሐል ራሴን አገኘሁት።

ዘመኑን በዓመተ ምሕረት ቆጥሬ አልነግራችሁም፤ ቁጥሩ ለራሴም ይምታታብኛል። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ ሥዕላቸውም ከቢሯችን ግድግዳ ላይ ሆኖ በጽሕፈት መኪናዬ የምሳሳተውን ሁሉ የሚያይብኝ ይመስለኝ ነበር። መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ አገሩን አስቆጥቶ፣ ቁጣው ገና ረገብ ያለበት ሰሞን ነው። ጤፍ ኩንታሉ ሠላሳ ብር፣ ሻይ አሥር ሳንቲም። ስሙኒ ይዞ ሻይ ቤት የገባ ሰው ሻዩን ጠጥቶ፣ ፓስቲውን በልቶ፣ የቆየ ጋዜጣ አስነብቦ ይወጣል። እኔ አዲስ ባለትዳር ነበርኩ፤ በወር ሰባ አምስት ብር የምትከፈል ታይፒስት! በዚያች ደመወዝ ከአረብ ሱቅ አበባ የጣለበት ናይሎን ቀሚስ ገዝቼ፣ ከላይ እናቴ የፈተለችውን ነጠላ ጣል አድርጌ፣ በባለተረከዝ ጫማ ኮረኮንቹን ቋ ቋ ሳደርገው፣ መንገድ ዳር የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው «ኧረ ቀስ አስናቀች፣ መንገዱ የመንግሥት ነው!» ይሉኝ ነበር። በዚያ ጥግ ጠጅ ቤቱና ቡና ቤቱ ፊት ለፊት ናቸው። ከቡና ቤቱ ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ዘፈን በሸክላ ይለቀቃል፤ ከጠጅ ቤቱ መሲንቆ ይሰማል። የጠጅ ቤቱ አዝማሪ የሸክላውን ዜማ በማግስቱ ሰርቆ፣ የጎጃም ግጥም አልብሶ፣ «ይህማ የኛው ነበር» እያለ ይጫወተዋል። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። ዘፈኑ አሁንም ይጮኻል፣ የማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

መሥሪያ ቤታችን ረጅም የመንግሥት ስም ነበረው፤ ሕዝቡ ግን «ሚዛን ቤት» ብሎ ተገላገለው። ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ከኔ መስኮት እህል ተራው ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ከእህል ተራም ወደኛ የሚወጣ ሰው ከነነጠላው ጥለት ይታያል። ሥራችን ነጋዴው ሸማቹን እንዳያታልል መጠበቅ ነበር። ፈቃድ እንሰጣለን፣ ሚዛን እንመረምራለን፣ መስፈሪያ እንለካለን፣ ያጭበረበረውን እንቀጣለን። አለቃችን አቶ ይስማው ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ዝምተኛ ሰው፤ ያኔ እንኳ እያለፈበት የነበረውን ተፈሪ ሱሪ እስከ መጨረሻው ያልተዉ። ከማርቆስ ገበያ አንድ ጣሳ እህል ሸምተው አያውቁም። ጤፋቸው ከሉማሜ ዘመዶቻቸው ዘንድ በአውቶቡስ ጣራ ይመጣል። ምነው ቢሏቸው «ከምለካው ሰው አልሸምትም» ነው መልሳቸው። ከተማው ሴት ልጅ ቢሮ ምን ትሠራለች እያለ ሲያሽሟጥጥ «እጇ ፈጣን ነው፣ ሌላውን ምን አገባኝ» ብለው የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ ለእሳቸው ያለኝን አክብሮት ከፊሉን ለውለታ ቁጠሩልኝ። ከፊሉ ግን ከዚያ በኋላ ካየሁት የመጣ ነው።

ቁና ለማታውቁ ልጆች ልንገራችሁ። ከሣር የሚሰፋ መስፈሪያ ነው፤ እህል እንዳይሾልክበት ውስጡ በእበት ይለቀለቃል። ይህ ነውር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። ነውሩ መደጋገሙ ነው። አንዴ ለቅልቆ፣ ሲደርቅ ደግሞ ለቅልቆ፣ ሲደርቅ ደግሞ የደገመ ነጋዴ፣ ቁናው ከውጭ ሲያዩት ያው ቁና ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ቂመኛ ሆድ ጠቧል። አቶ ይስማው ቅዳሜ በማለዳ፣ ገበያተኛው ሳይሞላ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ትልቅ ጣሳ አሸክመው ይወርዱና ከእህል ተራው ጫፍ ካለች ጎጆ ይቀመጣሉ። ነጋዴውን ከነቁናው አንድ በአንድ ያስገባሉ። በቁናው የተሰፈረውን እህል ወደ ጣሳው ይገለብጡና በቀጭን ዘንግ ያስተካክሉታል፤ እህሉ ጣሳው ውስጥ ከተሰመረው መስመር ካልደረሰ ነጋዴው ጉድ ፈላበት። ሁለተኛ የተያዘ ሰው ገንዘብ ይቀጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። መጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ግን አንድ ጆንያ እህል ይወረስበታል። የተወረሰው እህል በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለመንግሥት ገቢ ይሁን ይላል መመሪያው። አቶ ይስማውም ጆንያውን በመዝገብ ይጽፉታል፤ የሰውየውን ስም ግን አይጽፉም። ለምን እንደማይጽፉ እኔ አላውቅም ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው ከአዲስ አበባ የሂሳብ መርማሪ የመጣብን። ኦዲተር የሚለውን ቃል ያን ቀን ሰማሁት። ስማቸው አቶ መኩሪያ ነው። የአባይን በረሃ አቧራ እንደለበሱ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ቦርሳቸውን ለኩሊ ሰጥተው፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ግን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ሣጥኑ ውስጥ እጀታ ያለው የመደመሪያ መኪና ነበር፤ እጀታውን ሲስቡት ቀርቀር ይልና ቁጥር ይተፋል። ዘበኛችን አያ ዘለቀ በበሩ ስንጥቅ አይቶ አማተበ። ከተማው ደግሞ ሌላ ስጋት አደረበት፤ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ለመለካት የሚልከውን ሰው ማን ይወዳል? «መሬቱ እምቢ ቢላቸው ወረቀቱን ሊለኩ መጡ» አሉ ልብስ ሰፊዎቹ።

እኔ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰው እንዲህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። እያንዳንዷን ደረሰኝ አንስተው፣ ከቅጂዋ ጋር አስተያይተው፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው፣ በቀይ እርሳስ ትንሽ ምልክት ያደርጉባታል። ዝንብ ቢያርፍባቸው አያባርሩም። አቶ ይስማው ለእንግዳ ክብር በግ አሳርደው ቢጠሩዋቸው «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራዬን ሳልጨርስ ከምመረምረው ሰው ቤት አልበላም» አሉ። በጎጃም እንዲህ ያለ ቃል ጠብ ነው። አያ ዘለቀ «እንጀራችንን የናቀ ሰው ለምን ደግ መጣ!» ብሎ ተቆጣ። አቶ ይስማው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው፤ የገዛ ቃላቸውን ከሌላ ሰው አፍ መስማታቸው ነበር። ኦዲተሩ ሻይ እንኳ ሲጠጡ ሂሳብ ከፍለው ደረሰኝ ይጠይቃሉ። ባለሻይ ቤቷ መጻፍ ስለማትችል በቁራጭ ወረቀት ላይ በጥላሸት አውራ ጣቷን አትማ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም አመስግነው፣ አጥፈው፣ ኪሳቸው ይከቱታል። «ዕዳ ገባሁ መሰለኝ፣ አስፈረሙኝ» እያለች ስንት ጊዜ አሳቀችን።

ገንዘቡ አንድም ሳንቲም ሳይዛነፍ ተገኘ። ደስ ብሎን ሳናበቃ ሐሙስ ከምሳ በኋላ አቶ መኩሪያ አለቃዬን ከፊታቸው አስቀመጡና «ወይዘሮ አስናቀች፣ ጥያቄና መልሱን ይጻፉ» አሉኝ። ወረቀት አስገባሁ።

«እዚህ መዝገብ ላይ የተወረሰ እህል አለ። ጤፍ አለ፣ ስንዴ አለ፣ ገብስ አለ። ሽያጩን አላገኘሁትም።»

«አልተሸጠም» አሉ አቶ ይስማው።

«መጋዘኑንም አይቻለሁ፤ ባዶ ነው። የት ገባ ታዲያ?»

«ድሃ በላው።»

«ማን ሰጠው?»

«ባለቤቶቹ። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ መመሪያው ጨረታ አውጥቼ ነበር። የሰረቀው ሰው ራሱ መጥቶ እህሉን በግማሽ ዋጋ መልሶ ገዛው። ቆሜ እያየሁት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የተያዘውን ሰው ለብቻው አስቀምጬ ‹ቁናህን እዚሁ በጥፍርህ ፋቅ። ጆንያህን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማርቆስ ደጅ ወስደህ ለየኔ ቢጤው በገዛ እጅህ ስፈር። ይህን ካደረግህ ስምህ ከአፌ አይወጣም› እለዋለሁ። ሲሰፍሩ ከዋርካው ሥር ቆሜ አያለሁ። ያላደረገ የለም።»

«ስማቸውን ይንገሩኝ።»

«አልነግርዎትም።»

አቶ መኩሪያ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «አቶ ይስማው፣ እኔ አምንዎታለሁ። ማመን ግን የሂሳብ ሥራ አይደለም። ወይ ደረሰኝ፣ ወይ ምስክር ያሻል። ሁለቱም ከሌለ ይህ ሁሉ እህል እርስዎ የበሉት ሆኖ ይቆጠራል። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ለፖሊስ ማስረከብ ግዴታዬ ነው። ወህኒ ነው የሚወርዱት።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለው ነው ያሳደጉኝ።»

«የወለዷቸውስ ማን አላቸው?»

አቶ ይስማው ከወንበራቸው ተነሡ። ስድስት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቋ ለትምህርት አዲስ አበባ የሄደች፣ ትንሹ ገና የሚድህ። ሁለቱ ሲለያዩ አለቃዬን ተከትዬ ወጣሁና፣ ንዴቴ ወግ አስረስቶኝ «ታዲያ ለምን ጻፏቸው? ጆንያዎቹን ባይጽፏቸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?» አልኳቸው። ሞኝ እንደሚያይ ሰው አዩኝ። «ተወርሷላ! የተወረሰ ይጻፋል» አሉኝና ሄዱ። እስከ ዛሬ ድረስ፣ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ጽፎ የሚከብር፣ ያለውን ፍቆ የሚድን ሰው ሳይ ያቺ መልስ ትዝ ትለኛለች። እኒህ ሰው የገዛ እስራታቸውን በገዛ እጃቸው፣ በቅኔ ቤት ቁም ጽሕፈት፣ አንድም ሳያስቀሩ ጽፈውት ነበር።

አያ ዘለቀ በሩ ላይ ነበርና ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማውን ዞረ። ወሬ ሲዞር ደግሞ ይታወቃል፤ «ድሮም አጥንታቸው ብቻ የቀረ ሰው በድብቅ ይበላሉ ብዬ ጠርጥሬ ነበር» የሚልም አልጠፋም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አቶ መኩሪያ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ለጣት አሻራ የሚሆነውን የቀለም ሙዳይ ከፍተው ምስክር ጠበቁ። ዝር ያለ የለም። ከገበያ ወደ ሚዛን ቤት የሚወጣ ሰው ከታች ለሁሉም ይታያል፤ ያን ቀን ዳገቱን መውጣት ማለት «ሌባው እኔ ነኝ» ብሎ መጮህ ነው። ነጋዴ ደግሞ ከስሙ ሌላ ምን አለው? ሌላም ነገር ነበር፣ ይህን ግን ያወቅነው ኋላ ነው። አቶ ይስማው እያንዳንዱን ለብቻው ስለያዙት፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ምሕረት ያገኘው እሱ አንዱ ብቻ ይመስለው ነበር። የአንድ ሰው አንድ ጆንያ ከዚያ ሁሉ መዝገብ ምን ታነሳለች እያለ ሁሉም በየቤቱ ይብሰለሰላል።

ቅዳሜ ደረሰ። ብርዱ የጮቄ ብርድ ነው፤ ጣቶቼን እያሟሟቅሁ ከመስኮቱ ቆሜአለሁ። ከጉንደ ወይን፣ ከሉማሜ፣ ከዙሪያው ባላገር የመጣ ሕዝብ ገበያውን ሞልቶታል፤ ነጩ ጋቢ፣ አረንጓዴው የባላገር ቁምጣ፣ የአህያው ጫጫታ፣ የጨው ተራው፣ የቅቤ ተራው። አቶ ይስማው ምንም እንዳልሆነ ሰው ጣሳቸውን አሸክመው ማልደው ወርደዋል። አቶ መኩሪያ ከኋላዬ ወረቀታቸውን ሰብስበው ማሰር ጀምረዋል። ያኔ ነው እህል ተራው መሐል አንዲት ሴት ብድግ ስትል ያየሁት።

የሻረግን የማያውቅ አልነበረም። ባሏ የሞተባት፣ ድምፀ ጎርናና፣ በክርክር ወንድ የማታስቆም የጤፍ ነጋዴ ናት። ማርቆስ ደጅ ያሉት የኔ ቢጤዎች «እናታችን» ነበር የሚሏት፤ አንድ እሑድ አንድ ሙሉ ጆንያ ጤፍ ስለሰፈረችላቸው። ቁናዋን አንስታ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችና በገበያው መሐል መራመድ ጀመረች። የሚሰፍረው እጁን ያዘ፤ የሚከራከረው ዝም አለ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ እየለቀቀላት፣ ቀና ብላ፣ አንድም ሰው ሳታይ ዳገቱን ወጣች። ገባች፣ ቁናዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣ አንዷ ጆንያ የኔ ናት።»

«የምን ጆንያ?» አሉ አቶ መኩሪያ።

«የጤፍ። ቁናዬን ደጋግሜ ለቅልቄ ተያዝኩ። አቶ ይስማው በጥፍሬ አስፋቁኝ። እሑድ ማርቆስ ደጅ ሄጄ ሰፈርኩት። ድሆቹ እናታችን እያሉ ሲመርቁኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! የሌላው ጆንያ የማን እንደሆነ አላውቅም። የኔዋን ግን ከሰውየው ላይ ያንሱልኝ።»

አውራ ጣቷን ሐምራዊው ቀለም ውስጥ ነክራ ወረቀቱ ላይ አተመች። አቶ መኩሪያ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔ ከመስኮቱ «ኧረ ይዩ! ኧረ ይዩ!» ብዬ ጮህኩ። ሌላ ሰው ቁና ተሸክሞ ዳገቱን ተያይዞታል። ከኋላው ሌላ። ከስንዴ ተራ ሁለት ወንድማማቾች፣ እርስ በርሳቸው ተደባብቀው የኖሩ፣ እኩል ብድግ ብለው ተያዩና እኩል መንገድ ጀመሩ። የማኅበር ሙሴ የሆኑ፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው ሽማግሌ ተነሡ። እህል ተራው ከታች እየሳሳ፣ ዳገቱ በሰው እየሞላ ሄደ፤ ሁሉም ቁናውን እንደ ታቦት ጭንቅላቱ ላይ ይዞ። በሩ ላይ ሲገናኙ ያለውን ልነግራችሁ አልችልም። «አንተም?» «አንቺም የሻረግ?» «እኔን ብቻ የማሩኝ መስሎኝ!» የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣ ባልንጀራውን የሚሰድብ አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «አባቴ ሞቷል፤ ሲሞት ነግሮኛልና ስለሱ እኔ ላትም» ብሎ የአባቱን ቁና ታቅፎ ቆመ። እነዚህ ሰዎች በከተማው የተከበሩ ነበሩ። ልጅ ክርስትና አንሺ፣ ዕርቅ አስታራቂ፣ የሰው ዋስ። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ ፊት «ሌባ ነበርኩ» ለማለት ተሰልፈዋል። ብዙ ክብረ በዓል አይቻለሁ፤ ባለሥልጣን ሲሾም፣ ጳጳስ ሲቀበሉ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ግን በዕድሜዬ አላየሁም፤ ሰው መሆን ያስፈራኝም ያኮራኝም ያን ለት ነው።

ለማንም ከወንበራቸው ተነሥተው የማያውቁት አቶ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። የመጨረሻው ሰው እስኪያትም አልተቀመጡም። እኔ እጽፋለሁ፣ ቁልፎቹ በእንባ ይደባለቁብኛል። በዚህ መሐል አቶ ይስማው ወሬ ደርሷቸው እያለከለኩ ዳገቱን ወጡ። ሰልፉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸውን ያ ሁሉ ሰው ያዳናቸው አልመሰላቸውም፤ የተዘረፉ ነው የመሰላቸው።

«ምን ልታደርጉ መጣችሁ? ውረዱ! ቃል ሰጥቻችሁ የለም ወይ? ከአፌ ላይወጣ!» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሰማኋቸው።

የሻረግ መለሰችላቸው። «እርስዎ ቃልዎን ጠብቀዋል ጌታዬ። ከእርስዎ አፍ መች ወጣ? ከኛ አፍ ነው የወጣ።»

አቶ ይስማው በሩን ተደግፈው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሰው ሁሉ ሲወርድ አቶ መኩሪያ ከጣት አሻራው ጋር የመዝገቡን ጆንያ አንድ በአንድ አስተያይተው በቀይ እርሳስ ምልክት አደረጉ። ሲጨርሱ «ወይዘሮ አስናቀች፣ ይህን አሁን እኔ በምን ቋንቋ ነው የምጽፈው?» አሉኝ። ያን የመሰለ ሊቅ ቃል ቸገራቸው። በመጨረሻ ያስጻፉኝ አጭር ነበር። የተወረሰው እህል ከመመሪያ ውጭ ስለተሰጠ ለኃላፊው የተግሣጽ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ የጎደለ የለም። በዚያው ዕለት አቶ መኩሪያ ከአቶ ይስማው ቤት ገብተው ምሳ በሉ፤ በግ ባይኖርም ሽሮ ነበረ። ሰኞ በአውቶቡስ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን አልሰማሁም፤ ኋላ ዘመኑ ሲገለባበጥ ምን እንደገጠማቸውም አላውቅም። በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው መቶ ሊጠጋ ነው።

የሚከተለው ቅዳሜ ጤፍ ልሸምት ወረድኩ። ፈርቼ ነበር፤ ከተማው ከነዚያ ሰዎች ዳግመኛ የሚገዛ አልመሰለኝም። ገበያተኛውም አመንትቷል። እየመጣ ቆሞ ያያል፣ ቁናውን ያያል፣ ፊታቸውን ያያል፣ ሳይገዛ ያልፋል። አቶ ይስማው በማለዳ እንደ ወትሮው ነጋዴውን አንድ በአንድ ሲያስገቡ የሻረግን አልጠሯትም ነበር። ጣሳቸውን አሸክመው ከሚለኩባት ጎጆ ወጥተው፣ አቀርቅረው በእሷ በኩል ሊያልፉ ሲሉ ያ ጎርናና ድምፅ ተሰማ።

«አቶ ይስማው! የኔን ሳይለኩ ወዴት ነው?»

ቆሙ። «የአንቺ ይቅር የሻረግ» አሉ ዝቅ ብለው። «ያደረግሽልኝን አድርገሽ እኔ በአንቺ ላይ ጣሳ አላነሳም።»

«ይቅር? እንዴት ይቅር? እኔ ያን ሁሉ ሰው እያየኝ ዳገቱን የወጣሁት ከልኬት ልታለፍ መሰለዎ? እንዲህማ ከሆነ ውለታ ሆነ እኮ! እዚሁ ይለኩት። እጎጆ ውስጥ አልገባም፤ ሰው እያየ ይለኩት።»

አቶ ይስማው ጣሳውን ከተሸካሚው ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። በተፈሪ ሱሪያቸው አቧራው ላይ ተንበረከኩ። የሻረግ ቁናዋን ሞልታ ሰጠቻቸው፤ ገለበጡት። ዘንጉን አውጥተው በቀስታ አስተካከሉት። ጎንበስ ብለው መስመሩን አዩ፤ ደግመው አዩ። ከዚያ ተነሡ። በዚያ ገበያ ስንት ዓመት ሲመላለሱ ስለ ማንም ቁና አንድ ቃል ከፍ አድርገው ተናግረው የማያውቁ ሰው፣ ዳር ድረስ በሚሰማ ድምፅ «ሙሉ ነው!» አሉ።

የሻረግ እህሉን ወደ ቁናዋ መለሰችው። ከፊቷ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«በይ እንግዲህ ልጄ» አለችኝ፣ «ከረጢትሽን ዘርጊ።»